ስለ ሥዕል ትርኢት ማስታወቂያዎች አሰባሰብ
በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ

የሥዕል ትርኢት ሲከፈት በየግድግዳው የሚለጠፈው ማስታወቂያ ከትርኢቱ ቀን እንዲያልፍ ታስቦ የሚታተም ወረቀት አይደለም። ትርኢቱ ሲያበቃ ሥዕሎቹ ወደ ገዢዎቻቸው ወይም ወደ ሠዓሊው ቤት ይመለሳሉ፤ ማስታወቂያው ግን ይቀደዳል፥ ወይም ሌላ ይለጠፍበታል። ከዚህ ጥፋት የተረፈ አንድ ቅጠል ማን፥ የትና መቼ ሥራውን ለሕዝብ እንዳሳየ የሚናገር የዘመኑ ምስክር ነው።

በአውሮፓ እንዲህ ያለውን ወረቀት መሰብሰብ የቆየ ልማድ ነው። ቱሉዝ ሎትሬክ እ.ኤ.አ. በ1891 ለሙላን ሩዥ የጭፈራ ቤት ማስታወቂያ በሠራበት ዘመን፥ የፓሪስ ሰብሳቢዎች ወረቀቱን ከግድግዳ እስከ መላጥ ደርሰው ነበር። ኋላም ፒካሶ፥ ማቲስና ሻጋል በሙርሎ ማተሚያ ቤት ያሳተሟቸው የትርኢት ማስታወቂያዎች እንደ ሥዕል የሚሸጡ ሆነዋል።

በአገራችን ግን የማስታወቂያው ዋጋ ከውበቱ ይልቅ በያዘው ቃል ላይ ነው። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥዕሎቹን አሳየ፤ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከኮሎኝ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 በዚያው ትምህርት ቤት ያቀረበው ትርኢት ብዙ ክርክር አስነሣ። የዚህን ዘመን ወረቀት የሚያነብ ሰው አስቀድሞ የዘመን አቈጣጠሩን ይለይ። «1955» የሚል ጽሑፍ የኢትዮጵያ ቍጥር ከሆነ እ.ኤ.አ. 1962 ወይም 1963 ማለት ነው። የአውሮፓ ቍጥር አድርጎ የወሰደው ግን ገብረ ክርስቶስን በ1957 ወደ ኮሎኝ ከመሄዱ በፊት አዲሱን አሣሣል የያዘ ያደርገዋል፤ በአንድ ቍጥር ስሕተትም የሠዓሊው የትምህርት ታሪክ ይገለበጣል።

ይህ ሥራ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የሚያደርስ ምክንያት አለው። በጅማ መንገድ ሰበታ፥ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፥ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ይገኛሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የመሐል ከተማው አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ዳር ወጥቷል፤ የወላጆች ሣጥንም አብሮ ተጉዟል። ቤት በሚለወጥበት ቀን ደግሞ አስቀድሞ የሚጣለው ወረቀት ነው።

ስለዚህ ተማሪው ወደነዚህ ከተሞች ሲሄድ ሦስት ነገሮችን ይጠብቅ። አንደኛ፥ የወረቀቱን ኅዳግ አይቍረጥ፤ የማተሚያ ቤቱ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በግርጌው ነውና። ሁለተኛ፥ በሙጫ አያጣብቅ፥ በፕላስቲክም አያሽግ፤ ዘርግቶ ከርጥበት ያርቀው፤ ይልቁንም ብርድና ዝናብ በሚበዛበት በሱሉልታ። ሦስተኛ፥ ወረቀቱ በማን እጅ እንደ ቆየና እንዴት ወደዚያ ቤት እንደ ገባ፥ ባለቤቱ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ እንደ ነገረው ይጻፍ።

ባለቤቱ ወረቀቱን ለመልቀቅ ካልፈቀደ ፎቶግራፍ አንሥቶ መመለስ ይገባል፤ ምስክርነቱ በዚህ አይጠፋም። ታሪኩ ሳይጻፍ የተገዛ ማስታወቂያ ግን ለግድግዳ ጌጥ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ፥ ለሥዕል ታሪካችን የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ያነሰ ነው።