ዜና ዋንዛ ዘጨርጨር

ዛፍን ለሰው ልጅ ጥላም ቤትም አድርጎ የሰጠ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ዜና ለሐረርጌው የጨርጨር ዋንዛ ክብር ተጻፈ፤ የእንግሊዝ ማሆጋኒ ጸሐፊ ሲያገኝ የበደሳና የጭሮ ዋንዛ አላገኘምና። እንግሊዝ በ1721 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ በሚመጣ እንጨት ላይ ቀረጥ አነሣች፤ የጃማይካም ማሆጋኒ በመርከብ ጎረፈ። ቆራጮቹ በባርነት የተያዙ ነበሩ፤ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው። በ1754 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የቤት ዕቃ ሠሪ ቶማስ ቺፕንዴል ንድፎቹን በመጽሐፍ አሳተመ። ተዘርግቶ የሚታጠፈው የምግብ ጠረጴዛ፣ ባለ መሳቢያው ቁም ሣጥን፣ የጽሕፈት ጠረጴዛው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ኖረ። ቺፕንዴል ግን በሠራው ዕቃ ላይ ስሙን የማተም ልማድ አልነበረውም፤ የእጁ ሥራ ዛሬ የሚለየው እንደ ሄርዉድ ባሉ ታላላቅ ቤቶች በተጠበቀ የሒሳብ ወረቀት ነው። እንግዲህ ክብሩን ያቆየው ከእንጨቱ ይልቅ መዝገቡ ነው።

በአገራችን ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ሚኤሶም የጨርጨር በር ሆነች። ከዚያ በኋላ በሩሲያ የተማሩት፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ብልኁ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ገዙ። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬይቱን ጭሮ፣ አቀኑ፤ ሥራ ወዳድ ነበሩና ግዛቱን ለሌላው አርአያ አደረጉት። ከተማ ሲቀና በርና መስኮት፣ አልጋና ሣጥን ይፈለጋል። ደኑም አገለገለ፤ ከዚያ ወዲህ ተራራው እንደ ቀድሞው አይደለም።

ዋንዛ ሲሰነጠቅ ዳሩ ነጣ ያለ፣ ልቡ ቀይ ዳማ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ይጠቁራል። በርጩማው ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል መቀመጫና እግሩ መገጣጠሚያ የላቸውም። ረከቦቱም፣ ገበታውም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮም ከእርሱ ይወጣል። «ዋንዛ በክብደት ከማሆጋኒ ይቀላል» የሚል አለ፤ እውነት ነው። ለቤት ዕቃ ግን የሚፈለገው ለመላጊያ መታዘዝና ሳይጣመም መኖር ነው፤ ዋንዛ በዚህ አያሳፍርም። ሌላው «ብታከብሩት መቆረጡ ይበዛል» ይላል። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የሐረርጌ ገበሬ ዋንዛን ለቡናው ጥላ አድርጎ ያሳድገዋል፤ ዋጋው ያለው በጎለመሰ ግንድ ስለሆነ ገና ለጋውን የሚቆርጥ ራሱን ይጎዳል። ሦስት ትውልድ የሚያገለግል አልጋም ሁለት ሌሎች ዛፎችን ከምሳር ያድናል፤ በየዐሥር ዓመቱ የሚጣል አልጋ ግን ደን ይበላል። ስለዚህ የበደሳ አናጢ በራስጌው ጀርባ ስሙን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ግንዱ የበቀለበትን ቀበሌ ይቅረጽ፤ ገዢውም ደረሰኙን ከቤቱ ካርታ ጋር ያኑር።