ከአንዲት ታብ እስከ ግማሽ ሰከንድ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና የቀረበላችሁ ካላችሁ ቀጥሉ።

ኮምፒውተር ሳይንስ የገቡ የቀድሞ ተማሪዎቼ ኢንቦክስ ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። "ቲቸር፣ ትንሽዬ ፕሮጀክት ለመጀመር 'ኤንፒኤም ኢንስቶል' ስል ለምንድነው የማላውቀው መዓት ፋይል የሚወርደው? የሞባይል ፓኬጄን ጨረሰው እኮ!" አጭሩ መልስ "የሰው ሥራ እየተዋስክ ነው" የሚል ነው። ድግስ ሲኖርብን ድንኳኑን ከእድር፣ ድስቱን ከጎረቤት እንደምናመጣው ማለት ነው። ረጅሙ መልስ ግን ታሪክ ነው፤ እኔ ደግሞ ታሪክ ስወድ ታውቁኛላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ቦታው ዩኒክስ የተወለደበት የአሜሪካው ቤል ላብስ። በዚያ ዘመን ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ብዙ የኮድ ፋይል ይጽፋል፣ እያንዳንዱን ኮምፓይል ያደርጋል፣ በመጨረሻም ይገጣጥማቸዋል። አንዱን ፋይል አርሞ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ከረሳ፣ የታረመ መስሎት የድሮውን ፕሮግራም ያስኬዳል። ስቲቭ ጆንሰን የሚባል ባልደረባ አንድ ቀን እየተራገመ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገባ። ጠዋቱን ሙሉ ስህተት ሲፈልግ ያረፈደው ስህተት በሌለበት ኮድ ውስጥ ነበር፤ ስህተቱን አርሞታል፣ ፋይሉን ግን እንደገና ኮምፓይል አላደረገውም። ፌልድማንም በዋዜማው ማታ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት ነበርና "ሜክ" የተባለውን መሣሪያ ጻፈ።

የሜክ ሐሳብ በጣም ቀላል ነው። "ይህ ፋይል የሚሠራው ከዚያና ከዚያ ፋይል ነው" ብላችሁ ትጽፉለታላችሁ፤ እሱ የፋይሎቹን ሰዓት አይቶ የተቀየረውን ብቻ እንደገና ይሠራል። እንግዲህ ዲፔንደንሲ የሚባለው ነገር በጽሑፍ ሰፍሮ ማሽን እንዲያነበው የተደረገው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። (በአማርኛ "ጥገኝነት" ልንለው እንችላለን፤ ብቻ አንዳንዱ ሰው አውሮፓ ገብቶ የሚጠይቀው ጥገኝነት ይመስለዋል።)

ሜክ ላይ ትእዛዝ ስትጽፉ መስመሩ በታብ መጀመር አለበት። በስፔስ ከጀመራችሁት አይሠራም፣ በዓይን ደግሞ ልዩነቱ አይታይም! ፌልድማን በኋላ እንደተናገረው፣ ችግሩ ሲገባው ፕሮግራሙን አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች ይጠቀሙበት ስለነበር እነሱን ማስቸገር አልፈለገም። ለአሥራ ሁለት ሰው ብሎ የተዋት ታብ ይኸው እስከ ዛሬ የዓለምን ፕሮግራመር ታስለቅሳለች። በዚህ ሥራ ውስጥ "ለጊዜው ይቆይ" የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ ለዘላለም ይቆያል።

ቀጥሎ ዩኒክስ በየኩባንያው እየተባዛ አንዱ ጋ የሚሠራው ሌላው ጋ እምቢ ማለት ጀመረ። በ1991 ዴቪድ ማኬንዚ "ኦቶኮንፍ" የተባለውን አመጣ፤ ኮምፒውተሩን እየፈተሸ ለሜክ የሚሆን ፋይል የሚያዘጋጅ ረጅም ስክሪፕት የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። ስክሪፕቱ ብዙ ሺህ መስመር ይሆናል፤ የሚያነበውም የለም። የሚጻፈው ደግሞ "ኤም ፎር" በሚባል ከ1970ዎቹ በመጣ ቋንቋ ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ትመጣለች።

ይህ ሁሉ የራስን ፋይል ስለመገጣጠም ነበር። የሰው ላይብረሪ መዋሱ በደንብ ሥርዓት የያዘው በ1990ዎቹ ነው። በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረው ዴቢያን እያንዳንዱ ፓኬጅ የሚያስፈልገውን ሌላ ፓኬጅ በዝርዝር ይናገራል፤ በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር የመጣው "አፕት" ደግሞ ዝርዝሩን ተከትሎ ሁሉንም ራሱ ያወርዳል። ፐርሎች ከ1995 ጀምሮ ሲፓን የሚባል የጋራ ጎተራ ነበራቸው፤ ጃቫዎች ሜቨንን አመጡ። በ2010 አይዛክ ሽሉተር ለጃቫስክሪፕት ኤንፒኤምን ሠራ። መዋስ በጣም ሲቀል ደግሞ ሰው ጨው እንኳ መዋስ ጀመረ።

የጨዋ ታሪክ እነሆ። አዘር ኮቹሉ የሚባል ፕሮግራመር "ሌፍት-ፓድ" የምትባል 11 መስመር ኮድ ኤንፒኤም ላይ ነበረችው። ሥራዋ ከጽሑፍ በስተግራ ክፍተት ወይም ዜሮ መሙላት ነው፤ የተማሪ ቁጥር 7ን 007 እንደማድረግ። 11ኛ ክፍል ሳለን በአንድ ክፍለ ጊዜ የምንጽፋት ነገር ናት። ኮቹሉ "ኪክ" የሚባል ሌላ ፓኬጅም ነበረው። በዚያው ስም የሚጠራ የሜሴጅ ኩባንያ "ስሙ የኛ ነው" አለ፣ እሱ እምቢ አለ፣ ኤንፒኤም ስሙን ለኩባንያው ሰጠ። ሰውዬው ተናዶ መጋቢት 22 ቀን 2016 (በፈረንጆቹ) ፓኬጆቹን በሙሉ ከጎተራው አወጣ። ሌፍት-ፓድም አብራ ሄደች። ለካስ ባቤልን የመሰሉ ግዙፍ መሣሪያዎች በሌሎች ፓኬጆች በኩል እሷ ላይ ቆመው ነበር። በየአገሩ ፕሮጀክት እየተሰበረ ዋለ፤ ኤንፒኤም ኮዷን የመለሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌሎች የሚመኩበትን ፓኬጅ እንዲሁ በቀላሉ ማንሳት ተከለከለ።

ብዙ ሰው በኮቹሉ ስቋል፣ በፕሮግራመሮች ስንፍናም ስቋል። እኔ ግን አልስቅም። ሰውዬው ደመወዝ አልተከፈለውም፣ ኮዱን በነፃ ሰጥቷል፣ ስሙ ተወሰደበት። በእሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት።

ከሌፍት-ፓድ የባሰው በ2024 መጣ። "ኤክስ-ዜድ" ፋይል የሚያሳንስ ፕሮግራም ነው፤ ሊነክስ ባለበት ሁሉ አለ። ለዓመታት የያዘው ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ሰው ነበር፤ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው። በ2021 ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ አንድ ተባባሪ ብቅ አለ። ትሑት፣ ታታሪ፣ ጠቃሚ ማስተካከያ የሚልክ። በ2022 ደግሞ ሌሎች የማይታወቁ ስሞች ኮሊንን ይወተውቱ ጀመር፦ ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ሰው ለምን አታስረክብም እያሉ። ኮሊን ይህ የማይከፈልበት የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን አስረዳ። ውሎ አድሮ ጂያ ታን ሥልጣን አገኘ፤ በየካቲትና በመጋቢት 2024 የወጡትን 5.6.0 እና 5.6.1 ያወጣው እሱ ነው። በሁለቱም ውስጥ የሌባ በር ነበረ።

በሩ የተደበቀው የት ይመስላችኋል? የሚነበበው ዋና ኮድ ውስጥ አይደለም። ዋናው መርዝ ለሙከራ የተቀመጡ የተበላሹ የሚመስሉ ፋይሎች ውስጥ ነበር። መርዙን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ የኤም ፎር ስክሪፕት ናት፤ እሷም ተጠቅልሎ በሚታደለው ጥቅል ውስጥ እንጂ ሁሉ በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረችም። ስክሪፕቷ እየተገጣጠመ ያለው ለዴቢያን ወይም ለፌዶራ ዓይነት ፓኬጅ መሆኑን አረጋግጣ ብቻ ትነቃለች።

ዒላማው ኤክስ-ዜድ ራሱ አልነበረም። ሰርቨሮችን ከሩቅ የምንከፍትበት ኦፕንኤስኤስኤች ነው። እሱ ደግሞ ኤክስ-ዜድን አይጠቀምም! ዳሩ ግን ዴቢያንና ፌዶራን የመሳሰሉት ሲስተምዲ ከሚባለው ጋር እንዲነጋገር ብለው አንድ ላይብረሪ ጨምረውበታል፤ ያ ላይብረሪ የኤክስ-ዜድን ይስባል። የጎረቤት ጎረቤት ማለት ነው፤ ቤታችሁ ቁልፍ ያለው ግን የማታውቁት ሰው።

የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ። የደኅንነት ባለሙያ አይደለም። የፍጥነት ሙከራ ሲያደርግ በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አየና ከነከነው። ግማሽ ሰከንድ! እኛ ኔትወርክ ግማሽ ደቂቃ ቢቆምብንም "ይመጣል" ብለን ነው የምንጠብቀው። እሱ ግን ክሩን እየሳበ ሄዶ መጋቢት 29 ለዓለም አሳወቀ። የተመረዙት እትሞች ገና ለሙከራ በወጡ ስርጭቶች ላይ ስለነበሩ ብዙው ሰርቨር ተረፈ።

"ኦፕን ሶርስን ሁሉም ስለሚያየው አስተማማኝ ነው" ስትባሉ ይህን አስታውሱ። ኮዱን የሚያይ አለ፤ ኮዱን የሚገጣጥመውን ስክሪፕት የሚያይ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከሌፍት-ፓድ ወዲህ የተለመደው ሎክ ፋይል፣ የእያንዳንዱን ላይብረሪ ትክክለኛ እትም መዝግቦ የሚይዘው፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ አትሰርዙት። ለኤክስ-ዜድ ግን አይጠቅምም ነበር፤ የተመረዘውን እትም ራሱን በታማኝነት ነበር የሚያወርድላችሁ።

ጂያ ታን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም። ላሴ ኮሊን ግን ሥራውን ጥሎ አልሄደም። የሌባውን ኮድ አንድ በአንድ አጽድቶ በግንቦት 2024 መጨረሻ 5.6.2ን አወጣ፤ ኤክስ-ዜድን ዛሬም እሱው ነው የያዘው።