የማን እንጀራ ነበር?

ወዳጆቼ፣ ላስ ቬጋስ ማለት በስፓኒሽ «መስኮቹ» ማለት ነው። በረሃው መሀል ምንጭ ነበረ፣ ምንጩ ዳር ሣር ነበረ። ሕዝቡ ሲበዛ ውኃው ተቀድቶ አለቀና በ1962 እ.ኤ.አ. ምንጩ ነጠፈ። ዛሬ ደጃችን ላይ የምናየው ለምለም ሣር መጤ ነው፤ የሚጠጣውም የኮሎራዶን ወንዝ ነው።

የአገሩ ሣር ሌላ ነው፤ ኢንዲያን ራይስግራስ ይሉታል። የጥንቶቹ ባለአገሮች፣ ፓዩቶች፣ ይበሉት ነበር። ፍሬው ቀድሞ ይደርሳል፣ ልክ የክረምቱ ስንቅ ሲሟጠጥ። ሴቶቹ በቅርጫት ለቅመው፣ ጸጉሩን በእሳት ለብልበው፣ በድንጋይ ፈጭተው ቤተሰብ ያበሉበታል። አይግረማችሁ፣ የእኛ ጤፍስ ሣር አይደል?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰፋሪው ከብቱን ይዞ መጣ። ከብት ደግሞ ይህን ሣር ይወዳል፤ ጋጠው ጨረሱት። ባለአገሮቹም ከመሬታቸው ተገፉ። የሚገርመው፣ በ1977 ኔቫዳ ይህንኑ ሣር የግዛቷ መለያ አደረገችው! በ2021 ደግሞ በመንገድ ዳርና በቢሮ ደጅ ያለ የጌጥ ሣር ከ2026 መጨረሻ በኋላ የኮሎራዶን ውኃ እንዳይጠጣ ሕግ ወጣ።

እኔም ጓሮዬ ዘራሁት። መትከል ለምትፈልጉ፦ አሸዋማ መሬት ላይ፣ በመኸር ዝሩት። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ የክረምቱ ብርድ ነው የሚቀሰቅሰው። ከበቀለ በኋላ እንደ ጎመን አታጠጡት፣ ይበሰብስባችኋል።

ልጆቻችሁ «ይሄ ምንድነው?» ካሏችሁ ግን ጌጥ ነው ብላችሁ አትለፉት። የማን እንጀራ እንደነበረ ንገሯቸው።