ከብራና ማውጫ እስከ ሙከራ ፎልደር፦ የአደረጃጀት አጭር ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ተራ ስለሚመስል ነገር፣ ስለ ፎልደር ነው። አንድ ጽሑፍ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ግን ከኮምፒውተር በፊትም የነበረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሳት ሲጀመር መጻሕፍቱ ተከታታይ ቁጥር ተሰጣቸው። አንድ ጥራዝ ድርሳንም ተአምርም የርስት ማስታወሻም ሊይዝ ስለሚችል በይዘት መደርደር አስቸጋሪ በሆነ ነበር። ይዘቱን የመግለጽ ተግባር በሚኒሶታ ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ላዘጋጇቸው ካታሎጎች ተተወ። ቁጥሩ አድራሻ፣ ካታሎጉ ትርጉም ሆነ።

ኮምፒውተር በአንጻሩ ዛፍ መሰል አደረጃጀትን መረጠ። ዳሌይና ኒውማን ለመልቲክስ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬም በየማሽኖቻችን ውስጥ አለ። በኖኪያ ኔትወርክስ የተጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ክፍት የሆነው ሮቦት ፍሬምወርክ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ ፎልደሩ ራሱ የሙከራ ስብስብ ሆነ፣ በውስጡ ያሉት ፋይሎችና ፎልደሮችም በስም ቅደም ተከተል ይሮጣሉ። ተራውን መወሰን የፈለገ በስሙ ፊት ቁጥርና ሁለት የታች ሰረዝ ያደርጋል። ስም መለያ ብቻ ሳይሆን ትእዛዝም ሆነ ማለት ነው።

በእኛ ፊደል ይህ ብርቱ ጉዳይ ነው። አትላስ አካባቢ በአንድ ቢሮ የባንክ መተግበሪያ የሚፈትሹ ሁለት ባለሙያዎችን እናስብ። አንዷ «ሂሳብ»፣ ሌላው «ሒሳብ» ብለው ፎልደር ይከፍታሉ። ለአንባቢ ቃሉ አንድ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በገባበት የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ግን «ሀ» እና «ሐ» የተለያዩ ናቸው፤ በመካከላቸውም የ«ለ» ዘር ስላለ «ልውውጥ» የተባለ ፎልደር ሁለቱን ይለያቸዋል። «ሂሳብ» ብቻ ሲሮጥ ግማሹ ሙከራ ሳይካሄድ ሪፖርቱ «ሁሉም አልፏል» ይላል። የደንበኛው ገንዘብ በዚያ ባልተፈተሸው ግማሽ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሞክሼ ፊደላት ክርክር የሰዋስው ሊቃውንት ብቻ ጉዳይ አይደለም። እኔ የምመክረው የብራናውን መንገድ ነው፦ ፎልደሩ የማይለዋወጥ አድራሻ ይሁን፤ ስሙም ቡድኑ በጽሑፍ በተስማማበት አንድ አጻጻፍ ይጻፍ። ከአንድ በላይ ጉዳይ የሚነካ ሙከራ ደግሞ፣ ለምሳሌ መግቢያንም ክፍያንም የሚፈትሽ፣ በታግ ይመልከት እንጂ በሁለት ፎልደር አይገልበጥ። ይህን የሚያደርግ ቡድን፣ ነባሩ ባለሙያ ሥራ ቢለቅ እንኳ፣ ተተኪው የሚያነበው ካታሎግ ይኖረዋል።