እንባ ጠባቂ

በአማርኛ እንባ ይታበሳል፤ የአገራችን የኦምቡድስማን ተቋም ግን «እንባ ጠባቂ» ተባለ። አባሽ ያጽናናል፤ ጠባቂ ደግሞ እንባው በከንቱ ፈስሶ እንዳይቀር ይቆማል። ስያሜውን የምወደው ለዚህ ነው። «ጠበቃ»ም ከዚሁ ግሥ የወጣ ቃል ነው፤ ሆኖም ጠበቃ ለደንበኛው ይከራከራል፣ እንባ ጠባቂ ግን አቤት ባዩንም መሥሪያ ቤቱንም እኩል ሰምቶ ይመረምራል። ሚዛኑ እዚህ ላይ ነው፤ ለአንዱ ካደላ ስሙን አጣ ማለት ነው።

ኦምቡድስማን የስዊድን ቃል ነው፤ ወኪል ማለት። ስዊድን ተቋሙን በ1809 እ.ኤ.አ. በሕገ መንግሥቷ አጸናች። የእኛው በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋቋመ፤ ተጠሪነቱም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ዳኛ አይደለም፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አያይም። የአስተዳደር በደልን መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል።

ጉዳይዎ «ነገ ይመለሱ» እየተባለ ከተንከባለለብዎ አቤት ይበሉ፤ አቤቱታው በቃልም በጽሑፍም ይቀርባል፣ ክፍያ የለውም።