ባዶስ

ባዶስ የጥንት ዕብራውያን የፈሳሽ መስፈሪያ ሲሆን የእህሉ መስፈሪያ ኢፍ ከእርሱ ጋር እኩል ነው። ሕዝቅኤል 45 ላይ ሁለቱም የቆሮስ አሥረኛ እጅ ናቸው፤ በዘጸአት 16፥36 ደግሞ ጎሞር የኢፍ አሥረኛ ነው። ስለዚህ 1 ቆሮስ 10 ኢፍ ወይም 100 ጎሞር መሆኑ አያከራክርም። ችግሩ የሚጀምረው ወደ ሊትር ሲሻገሩ ነው። በቴል ቤት ሚርሲም የተገኘው ጽሑፍ ያለበት የማሰሮ ስባሪ ሙሉ ቅርጹ ተገምቶ ሲሰላ ባዶስን 22 ሊትር ገደማ ያሳያል፤ የ1ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍ ግን ባዶስን 72 ክሴስቴስ የተባለ መስፈሪያ ስለሚለው፣ በሮማውያኑ ልክ ወደ 39 ሊትር ይጠጋል። ልዩነቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የሰሎሞን የናስ ኩሬ ይፈርዳል የሚሉ አሉ፤ ስፋቱ 10 ክንድ፣ ቁመቱ 5 ክንድ ተብሎ ተጽፏልና። ሐሳቡ ማራኪ ነው፣ ስሌቱ ግን አይረዳውም። ክንዱን 45 ሳንቲ ሜትር፣ ኩሬውን ቀጥ ያለ ክብ በርሜል ብናደርገው 35,800 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በ1ኛ ነገሥት 7፥26 ለተጠቀሰው 2,000 ባዶስ ሲካፈል 17.9 ሊትር፣ በ2ኛ ዜና መዋዕል 4፥5 ላለው 3,000 ሲካፈል 11.9 ሊትር ይደርሳል። ቅርጹ እንደ ግማሽ ሉል ከሆነ 2,000ውም ራሱ 11.9 ይሰጣል። ክንዱን ወደ 52 ሳንቲ ሜትር ብናስረዝመው ደግሞ የበርሜሉ ስሌት ለ2,000 ሲካፈል ከ27 ሊትር ያልፋል፤ ርዝመት በይዘት ስሌት ሦስት ጊዜ ይባዛልና። አንባቢ አንድ ቁጥር ይሻል ቢባል፣ ለንጉሣውያኑ ዘመን «22 ሊትር ገደማ» መጻፍ ይቻላል፤ «22.0» ማለት ግን ማስረጃው የማይሸከመው ትክክለኛነት ነው።