የመኪና ቁመትና ልስላሴ፤ ከባሌስትራ እስከ ሲትሮየን ዲኤስ

የተሽከርካሪ ሱስፔንሽን ሁለት አገልግሎቶችን ይሰጣል። አንደኛው የመኪናውን አካል ከመሬት በተወሰነ ከፍታ ተሸክሞ ማቆየት ነው፤ ሁለተኛው ጎማው በጕድጓድና በድንጋይ ላይ ሲነሣና ሲወድቅ ነውጡ ወደ ተሳፋሪውና ወደ ጭነቱ እንዳይደርስ ማለዘብ ነው። ሁለቱ ተግባሮች ለብዙ ዘመን በአንድ ብረት ላይ ተጣብቀው በመኖራቸው፣ በሙያችን ውስጥ የአንዱን ሕመም በሌላው መድኀኒት የማከም ልማድ ሥር ሰድዶ ይገኛል። ሁለቱ የተለያዩበት ታሪክ ለመርማሪው ሜካኒክ ጠቃሚ ስለሆነ ባጭሩ እንተርከዋለን። የዘመን አቈጣጠሩ እንደ አውሮፓውያን ነው።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሞላ መለጠጥ ከሚያርፍበት ኀይል ጋር እንደሚመጣጠን አስረድቷል። ኦባዲያ ኤሊየት ደግሞ በ1804 ለሠረገላ የሚሆን ተደራራቢ የብረት ሞላ በስሙ አስመዘገበ። እኛ እስከ ዛሬ በጣሊያንኛ ስሙ ባሌስትራ የምንለው የዚሁ ዘር ነው። የሁክ ሕግ ለሠረገላም ሆነ ለከባድ መኪና ምሕረት የለውም፤ ጭነት በተጨመረ ቍጥር ሞላው ዝቅ ይላል። ለስላሳ ከሆነ ሲጫን መሬት ሊነካ ይደርሳል፤ ጠንካራ ከሆነ ባዶውን ሲሄድ ያንገጫግጫል። የወረደውን መኪና ለማንሣት አንድ ተጨማሪ ቅጠል በባሌስትራው ላይ መደረብ የታወቀ ዘዴ ነው። ቁመቱ በእርግጥ ይመለሳል፤ ባለንብረቱም በዐይኑ አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። ነገር ግን የተገዛው ቁመት በልስላሴ ተከፍሎበታል፤ ዕዳውንም ሻንሲውና የሹፌሩ ወገብ ይከፍሉታል።

ይህን ቍርኝት የበጠሰው ፖል ማዤስ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ማዤስ በ1925 ገና በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ሲትሮየን ኩባንያ ሲገባ የምሕንድስና ዲፕሎማ አልነበረውም፤ በኋላም አላገኘም። የኩባንያው መሪ ፒየር ቡላንዤ ግን ችሎታውን ተረድቶ ሥራውን ሰጠው። የሐሳቡ ፍሬ ይህ ነው። በየጎማው የብረት ሉል ይቀመጣል፤ በውስጡ ስስ የጎማ ሽፋን አለ፤ ከሽፋኑ በላይ የታመቀ ናይትሮጅን፣ በታች ደግሞ ፈሳሽ ይገኛል። የሞላነቱን ሥራ የሚሠራው ጋዙ ብቻ ነው። ቁመትን የሚወስነው የፈሳሹ መጠን ሲሆን፣ የፊትና የኋላ ቁመት አስተካካዮች መኪናው ሲወርድ ፈሳሽ እያስገቡ፣ ሲነሣ እያስወጡ ይጠብቁታል። አስተካካዮቹ ሆን ተብሎ ዘገምተኛ ተደርገዋል፤ አለዚያ ለእያንዳንዱ ጕድጓድ መልስ ሲሰጡ ይውሉ ነበር። የሾክ አብዞርበሩንም ተግባር በሉሉ አንገት ላይ ያሉ ጠባብ ማለፊያዎች ወሰዱት። ዘዴው በ1954 በአንድ ሞዴል የኋላ ጎማዎች ላይ ተሞከረ፤ በኦክቶበር 1955 በፓሪስ ትርኢት በቀረበው ዲኤስ ላይ በአራቱም ጎማዎች ተገጠመ።

በ1962 በፔቲ ክላማር በፕሬዚዳንት ደ ጎል ላይ በተደረገው የግድያ ሙከራ፣ ጎማዎቹ በጥይት የተመቱት ዲኤስ ማምለጡ ዘወትር ይወሳል፤ ይሁን እንጂ ለሜካኒክ የሚበልጠው ቁም ነገር በጋራዡ ውስጥ የሆነው ነው። የመጀመሪያዎቹ ፈሳሾች የአየር እርጥበት ይስቡ ስለነበር ቧንቧዎቹን ከውስጥ ያዝጉ ነበር። በ1967 ሞዴል ላይ አረንጓዴ ማዕድናዊ ዘይት ተተካ። የቀዩና የአረንጓዴው ፈሳሽ መዝጊያ ጎማዎች የተለያዩ ስለሆኑ፣ አንዱን በሌላው ቦታ የሚሞላ ሠራተኛ መላውን ሥርዐት በገዛ እጁ ያበላሻል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ናይትሮጅን በጎማው ሽፋን በኩል ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ያልቃል። ጋዙ ያለቀበት መኪና ግን አይወርድም፤ ፈሳሹ ተሸክሞት በትክክለኛው ቁመቱ ቆሞ ይታያል፤ ሲነዱት ግን እንደ ጋሪ ይደልቃል። ሜትር ይዞ ቁመቱን ብቻ የለካ ባለሙያ «ጤነኛ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። በአንጻሩ መኪናው ወርዶ ወይም ከመጠን በላይ ተነሥቶ ሳለ፣ ፓራውልቱን በእጅ ሲጫኑት በልስላሴ የሚወርድና የሚነሣ ከሆነ ሉሎቹ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ በአስተካካዩ ወይም በዛገው ማያያዣ ዘንግ ላይ ነው። እንዲህ ላለው መኪና አዲስ ሉሎች መግጠም የባለንብረቱን ገንዘብ መጣል ነው። ፓምፑ በየጥቂት ሰኮንዱ ሥራ የሚጀምርና የሚያቆም ከሆነም፣ ከፓምፑ በፊት የግፊት ማከማቻው ሉል ይመርመር።

ልኬቱ ራሱ ጥበብ አለው። ሞተሩ እየሠራ መኪናው በእጅ ከፍ ተደርጎ ይለቀቃል፤ ሲረጋ ይለካል። ከዚያ ወደ ታች ተጭኖ ይለቀቃል፤ ዳግመኛ ይለካል። ትክክለኛው ቁመት የሁለቱ አማካይ ነው፤ ምክንያቱም በመጋጠሚያዎቹ ያለው ሰበቃ መኪናውን አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያቆመዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ ብሎን ማጥበቅ የሰበቃውን ስሕተት በአስተካካዩ ላይ መጻፍ ነው።

ዲኤስ በ1975 ከምርት ወጣ፤ የማዤስ ዘዴ የመጨረሻ ወራሽ የሆነው ሲ 5 በ2017 ተከተለው። ዛሬ ወደየጋራዡ የሚገቡት ባለ አየር ከረጢት ተሽከርካሪዎች ናቸው፤ እነርሱም ቁመትን የሚለካ ሴንሰርና አየር የሚሞላ ኮምፕረሰር አላቸው። አንድ ጎን ሌሊቱን ወርዶ ሲያድር ኮምፕረሰሩ ተቃጥሎ ይገኛል፤ ወዲያው ይለወጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲሱም ይቃጠላል። የተሰነጠቀው ከረጢት አየር እያፈሰሰ ያለ ዕረፍት ሲያሠራው ነበርና፣ አስቀድሞ በሳሙና ውሃ መፈተሽ የሚገባው ከረጢቱና መጋጠሚያው ነው።